እትዬ ቆይስቲ እና የ«ሙከራ ሁለት» አዲስ ስም

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እምቢ ባይ አለ። እናንተ ዘንድ ከሌለ መሥሪያ ቤታችሁ ገና አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ታገሱ፣ ይደርሳችኋል። ሌላው ሁሉ «እሺ ጌታዬ» ሲል እሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ቆይ እስቲ» ትላለች። ስብሰባ ታስረዝማለች፣ አለቃ ታናድዳለች፣ የምሳ ሰዓት ታሳልፋለች። ያልታማችበት ነገር የለም። ከሁሉ አብልጬ ያማኋት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ። ዛሬ ግን ጠበቃዋ ሆኜ ቆሜያለሁ፤ የሚከፋው ይከፋው።

የኛይቱ እምቢ ባይ የሆስፒታላችን የዳታቤዝ ኃላፊ ናት። ሙሉ ማዕረጓ፦ ክብርት እትዬ ቆይስቲ፣ የሰርቨር ክፍሉ ባለ ቁልፍ፣ የፓስዎርዶች ሁሉ ዘብ፣ የባለ ሰማያዊ ሽፋኑ ደብተር ደራሲ። «እትዬ» የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አይደለም፤ የምትበልጠኝ በስድስት ወር ብቻ ነው። ግን ሰው ፊቷ ሲቆም ያላጠፋው ጥፋት ትዝ ይለዋል፤ ስለዚህ እትዬ ሳይል አያልፍም። እኔ ራሴ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ መስኮት ቁጥር ሁለት።

መጀመሪያ አመሏን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ አምፖል ተቃጠለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ።

«ቆይ እስቲ፣» አለችው፣ «መስመሩን ስታጠፋው ሌላ ምን አብሮ ይጠፋል?»

«ምንም።»

«ማን ነገረህ?»

ሰውየው መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠለ አሰበ። ወርዶ ሽቦውን ተከታትሎ ሲያይ የክትባት ማቀዝቀዣው በዚያው መስመር ላይ ተሰክቷል። አምፖሉ የተቀየረው በሦስተኛው ቀን ነው። እስከዚያው ግድግዳ እየዳበስን ስንሄድ የተራገምነው ማቀዝቀዣውን ሳይሆን እሷን ነው።

እቤቷም ያው ናት። የእህቷ ልጅ ስልክ ቁጥሯን ልትቀይር ተነሳች። «አሮጌው ቁጥርሽ ማን ማን ጋ አለ?» አለቻት። ልጅቱ «ጓደኞቼ ጋ ነዋ» አለች። «ትምህርት ቤቱስ? ባንኩስ? የጥርስ ሐኪሙስ? ያ ተጣልተሽው የታረቅሽውስ?» ልጅቱ አለቀሰች። «ኧረ አክስቴ፣ ስልክ እኮ ነው!» «ሰው የሚጠራሽ በሱ አይደለም እንዴ? እንግዲያው ስምሽ ነው።» ሦስት ወር ሙሉ በሁለት ስልክ አዞረቻት። ልጅቱ እስከ ዛሬ አክስቷን «ጉምሩክ» ነው የምትላት። ባለቤቷማ ሶፋ ለማዞር ሲፈልግ ማመልከቻ ያስገባል ይባላል። ይህን ያስወራሁት እኔ ነኝ፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኛን ዳታቤዝ ስም ያወጣው ግን ለምሳ የቸኮለ ቴክኒሺያን ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት መጀመሪያ «ሙከራ አንድ» ብሎ ሠራ፤ ተበላሸበት። «ሙከራ ሁለት» ብሎ ሌላ ሠራ፤ ይሄኛው ተሳካለት። «ነገ ደህና ስም አወጣለታለሁ» ብሎ ወጣ። በማግስቱ በሽተኛ መመዝገብ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይነካዋል? እንዲህ ሆኖ የሁለት መቶ ሺህ ሰው ስም፣ የደም ዓይነት፣ የቀዶ ጥገና ታሪክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛው መድኃኒት ማንን እንደሚገድል የያዘው መዝገብ «ሙከራ ሁለት» ሲባል ኖረ።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ የኔ ጉዳይ ነው። መስኮቴ ላይ የሐኪም ማዘዣ ሳስገባ፣ መድኃኒቱ ለሰውየው የማይስማማ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ ደንበኛዬን ውሰዱ። ፔኒሲሊን በጥቂቱ እንኳ ከነካት ጉሮሮዋ ይዘጋል፤ የመድኃኒቱን ስም ግን ይዛ አታውቅም። «ያ ነጩ ክኒን ነው መሰለኝ» ትለኛለች። ክኒን ሁሉ ነጭ ነው። እሷን በሕይወት የሚያቆያት ያቺ ቀይ መስመር ናት፤ እንደሷ ያሉ ደግሞ ብዙ አሉ።

አንድ ቀን ከበላይ አካል ጎብኚዎች መጡ። ዳይሬክተራችን በኩራት ስክሪኑን ከፈቱላቸው። አንዱ ጎብኚ ጎንበስ ብለው አነበቡና «ሙከራ ሁለት? በበሽተኛ ላይ ሙከራ ትሠራላችሁ እንዴ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ዳይሬክተሩም አብረው ሳቁ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ ትእዛዝ ወጣ፦ ስሙ ይቀየር፣ «የሕሙማን መዝገብ» ይባል፣ አሁኑኑ።

እትዬ ቆይስቲ ትቃወማለች ብለን ጠበቅን። «ደግ ነው፣» አለች። «ሰባት ዓመት ስለምንበት የኖርኩት ነው። ሙከራ የሚባል ነገር አንድ ቀን አንዱ ትርፍ መስሎት ይሰርዘዋል። ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ቁጥርና ቀን አላቸው።» ደስ አለን። ወዲያው መነጽሯ ወደ ግንባሯ ወጣ። «ቆይ እስቲ ግን።»

ስብሰባው ላይ ከውጭ የተጠራ አማካሪ ነበር፤ ጫማው ከሁላችንም ፊት ይልቅ ያበራል። «አንድ መስመር ትእዛዝ ናት፣ ሦስት ሰከንድ» አለ ጣቱን እያጮኸ።

«ልክ ነህ ወንድሜ፣» አለችው። «መጻፉ ሦስት ሰከንድ ነው። ማን ይጠራዋል?»

«ምኑን?»

«አሮጌውን ስም። ምዝገባ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅ፣ የአልጋ ድልድል፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም በር ላይ መጥቶ ‹ሙከራ ሁለት› ብሎ ነው የሚጣራው። ስሙን ቀይረህ ለጠሪው ካልነገርከው አቤት የሚለው የለም። ‹ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት› ነው ተረቱ። ጎረቤት ያልተቀበለውን ስም እኔ ስም አልለውም።»

ዳይሬክተሩ በረጅሙ ተነፈሱ። «ስንት ቀን ይፈልጋሉ?»

«አስር።»

«ለሦስት ሰከንድ አስር ቀን!»

«አስራ አንድ ዓመት የጠበቀ ነገር ነው ዶክተር፤ አስር ቀን አይከልክሉት።»

አስሩን ቀን እንዴት እንዳዋለችው ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል፤ ያላማረረችው ክፍል የለማ። ዳታቤዙ በሩን የሚያንኳኳውን ሁሉ እንዲመዘግብ አደረገች፦ ማን፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት። ከዚያ እያንዳንዱን ጠሪ ፎቅ ለፎቅ በእግሯ ሄዳ በዓይኗ አየችው። ራጅ ክፍል ገብታ «ፕሮግራማችሁ ዳታቤዙን የሚጠራው የት ላይ ተጽፎ ነው?» ስትላቸው «እኛ ምን እናውቃለን፣ ስንጫነው ይመጣል» አሏት። ያንንም ሰማያዊ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በሰባተኛው ቀን ሠላሳ ስድስት ጠሪ ተገኝቶ አንድ ግን ያልታወቀ ቀረ። በየማለዳው ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ይመጣል፤ አራት ሰከንድ ቆይቶ ይሄዳል፤ የመጣበትን የማሽን ቁጥር የሚያውቀው ሰው የለም። የያዘው ፓስዎርድ እሷ ሳትመጣ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የተሰጠ ነው፤ ለማን እንደተሰጠ የጻፈ የለም። ስም አወጣችለት፦ «እንግዳው»።

መሳቂያ አደረግናት። እኔማ በመስኮቴ ስታልፍ «እትዬ፣ እንግዳሽ ዛሬም ሳይቀመጥ ሄደ?» እላት ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

አስረኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩና አማካሪው ሰርቨር ክፍሉ ድረስ ወረዱ፤ የሠራተኛው ግማሽም ሥራ እንዳለው መስሎ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። እኔም አንድ ባዶ ካርቶን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ወንበሩን ይልቀቁልኝ» አለ አማካሪው።

«አልነሳም። ሠላሳ ስድስቱ ተዘጋጅተዋል። እንግዳው ማን እንደሆነ ሳላውቅ አላስነካም።»

«አራት ሰከንድ ብቻ የሚመጣ ነገር ምን ያህል ሊጠቅም ይችላል?»

«አላውቅማ! ባለማወቄ አይደል እንዴ የምጮኸው?»

ዳይሬክተሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ይህ ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝ ከሆነ በጽሑፍ ይሁንልኝ።» ከደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለች፤ ጻፈችበትና ጮክ ብላ አነበበች። «ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ተጠቃሚ መኖሩ ተነግሮኝ፣ የሚመጣውን ኃላፊነት በሙሉ ወስጄ፣ ስሙ ዛሬ እንዲቀየር አዝዣለሁ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።» እስክሪብቶውንም አቀበለቻቸው።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አዩት፤ ለአማካሪው ሰጡት። አማካሪው «እኔ እንኳ የምመክር ነኝ እንጂ የምፈርም አይደለሁም» አለ። ለአስተዳደር ኃላፊው ተላለፈ፤ እሳቸው መነጽራቸውን ቢሮ ረስተውታል። ወረቀቱ ክፍሉን ዞሮ ያለ ፊርማ እሷው ጭን ላይ ተመልሶ አረፈ።

«እሑድ፣» አሉ ዳይሬክተሩ ጥርሳቸውን ነክሰው። «እሑድ ካልተቀየረ ሰኞ ቁልፉን ያስረክቡና መጋዘን ይመደባሉ።» ያኔውኑ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፦ «የሥራ ትእዛዝ ሆን ብለው በማጓተትዎ»። መቀበሏን ፈረመች፣ ቀኑን ጻፈች፣ «አንድ ኮፒ ይሰጠኝ» አለች። በልቤ «ጀግና!» አልኳት። በአፌ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ፈሪ ነኝ፤ ካርቶኔን ይዤ ተመለስኩ።

ዓርብ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ጋብ ሲል፣ በጓሮ በር ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባች። ዓይኗ ጣራው ላይ የተዘረጋውን ገመድ ይከተላል። ከሰርቨር ክፍሉ ጀምራ ገመዱን በጣቷ እየተከተለች ነው የመጣችው፤ ፀጉሯ ላይ ሸረሪት ድር አለ። ገመዱ በግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛዬ ሥር ገባ። እሷም በጉልበቷ ወርዳ ጠረጴዛዬ ሥር ገባች።

«እግርህን አንሳ።»

«ምን ሆነሻል እትዬ?»

«እግርህን አንሳ ነው የምልህ!»

ጠረጴዛዬ ሥር አቧራ የጠጣ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ስምንት ዓመት እግሬን ያሳረፍኩት እሱ ላይ ነው። ይሞቃል፤ በብርድ ጊዜ ደስ ይላል። ለምን እንደሚሞቅ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ስክሪን ሰካችበት። ጽሑፉ ወጣ። አናቱ ላይ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ስም ነበር፦ የኔ ስም።

ያኔ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ ምድር ጠባኝ ነበር። ቀይዋን መስመር የሠራኋት እኔው ነኝ። ይህ ኮምፒውተር በየማለዳው ከሙከራ ሁለት መድኃኒት የማይስማማቸውን ሰዎች ዝርዝር ያመጣል፤ መስኮቶቻችን ቀኑን ሙሉ ከዚያ ዝርዝር ያነባሉ። ተጨበጨበልኝ፣ ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። ከዚያ መስመሯ እንደ ግድግዳው ሰዓት ሆነች፤ ከየት እንደመጣች እኔም ሳልቀር ረሳሁት።

እትዬ ቆይስቲ በጣቷ መስመር በመስመር አነበበች። አንዱ ላይ ቆመች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እሷማ... ዳታቤዙ አንዳንዴ ሳይመልስለት ሲቀር የስህተት ጽሑፍ እየወጣ ሰልፉን ያስቆምብን ነበር። ስለዚህ መልስ ካጣህ ባዶ ዝርዝር አስቀምጥና ዝም በል አልኩት።»

«ዝም ሲል አንተ መስኮቱ ላይ ምን ታያለህ?»

«ምንም።»

«ቀይ መስመር?»

«አይወጣም።»

«ካልወጣ ምን ታደርጋለህ?»

«መድኃኒቱን እሰጣ...»

 ሐሙስ ዕለት ያ አማካሪ ወንበሩን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዓርብ ማለዳ ኮምፒውተሬ «ሙከራ ሁለት» ብሎ ተጣርቶ አቤት ባይ ያጣል፤ እንዳስተማርኩትም ዝም ይላል። እኔ ስክሪኔ ንጹሕ ነው ብዬ ለመጣው ሁሉ ሳድል እውላለሁ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ያን ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ ነበር፤ አዲስ ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት ይዛ። ቀይ ወጥቶባት ነበር፤ ወደ ሐኪሙ መልሻት «ኧረ በናትህ ስንት ጊዜ ልመላለስ!» ብላ ተቆጥታኝ ነበር የሄደችው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ አለቃው፣ የእህቷ ልጅ፣ ያልጮኸችበት የለም። «ተነስ፣ ሲሚንቶው ይበርዳል፣» አለችኝ። «መጀመሪያ እናርማት።» እኔ እየጻፍኩ፣ እሷ ትከሻዬ ላይ ሆና «ቆይ እስቲ» እያለች፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት አረምናት። አሁን መልስ ካጣ ስክሪኑ ሁሉ ቀይ ይሆናል፤ መስኮቱም አይሠራም።

እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሆነ። አማካሪው «እንዲህ ያለ ሥራ በሌሊት ነው የሚሠራው» ሲላት «በሌሊት የሚሠራ ሌባ ነው፤ እኔ ሰው ሁሉ ነቅቶ ስልኩን በሚያነሳበት ሰዓት ነው የምሠራው» አለችው። በየበሩ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በየክፍሉ የወረቀት መዝገብ ተቀምጧል። የዳታቤዙን ቅጂ ወሰደች፤ በዚያም አላበቃች፣ ቅጂውን ሌላ ማሽን ላይ መልሳ አስነስታ እየሠራ መሆኑን አየች። «ያልተሞከረ ቅጂ ምኞት ነው» ትላለች። የገባውን ሁሉ ጠሪ አንድ በአንድ አስወጣች። ቤቱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ከወንበሯ ተነሳች፤ አዎ፣ ተነሳች፤ ለአማካሪውም «ና ወንድሜ፣ ሦስት ሰከንድህን ጻፍ» አለችው።

ጻፈ። ሦስት ሰከንድ ፈጀ፤ ሰውየው አልዋሸም።

የቀረውን ሁለት ሰዓት ተኩል እሷ ሠራችው። ለእያንዳንዱ ጠሪ በአዲሱ ስም መግቢያ ፈቀደች። ሠንጠረዦቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ማዘዣው በሽተኛውን፣ መድኃኒቱ ማዘዣውን ማወቅ አለባቸው፤ ዝምድናቸው አለመበጠሱን አንድ በአንድ ፈተሸች። በፊት የተቆጠረውና በኋላ የተቆጠረው እኩል መጣ። ሠላሳ ሰባቱ ጠሪዎች ወዳሉበት ሁሉ በስልክ እየደወለች «ጥሩት!» አለች። ሠላሳ ሰባቱም አቤት ተባሉ። መጨረሻ ላይ በአሮጌው ስም ባዶ ቤት ሠርታ ተሳስቶ የመጣ ሁሉ እንዲመዘገብ አደረገች። በዘጠነኛው ቀን፣ ወሩ ሲገባ፣ አንድ ሰው ብቻ ባዶውን ቤት አንኳኳ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ፤ በወር አንዴ የሚያወጧት ሪፖርት አለቻቸው። «ዳታቤዙ ጠፋ!» ብለው ደወሉ። «አልጠፋም ዶክተር፣» አለቻቸው፣ «እርስዎ ነዎት በድሮ ስሙ የሚጠሩት።»

ከእሑዱ ሥራ ማግስት፣ ሰኞ ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ «ለመሆኑ ያ እንግዳ የማን ሆኖ ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ጉልበቴን እያየሁ ነበር። «የቆየ ኮምፒውተር ነው፣ ታርሟል» አለች። «የማን?» «የሆስፒታሉ።»

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባት። «እትዬ፣ ለምን ስሜን አልጠራሽም?»

«ብጠራህ ያነሱህ ነበር። ቀይ ሲወጣ፣ ሰው እየሰደበውም ቢሆን ወረቀቱን ነጥቆ የሚመልስ ሰው መስኮቱ ላይ እፈልጋለሁ። አንተ ፕሮግራም አትጻፍ እንጂ ደህና ሰው ነህ።»

እንዲህ ያለች ሴት ናት። ሥራ ታጓትታለች ለምትሉ ሁሉ፦ አዎ፣ ታጓትታለች! ዕድሜ ይስጣትና ገና ታጓትታለች። እኔ በሰላም የማድረው እሷ ስላጓተተች ነው። እወዳታለሁ፤ ፊቷ ላይ ለመናገር አፌ ስለሚተሳሰር እዚህ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ግን አንገቴ ላይ ቀርቷል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው አልተነሳም፤ ዛሬም ፋይሏ ውስጥ አለ። «ተወው፣ ወረቀት ነው» ትለኛለች። እኔ አልተወውም። ዶክተር፣ ይህን ጋዜጣ ጠዋት ጠዋት እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ዝም ብሎ ሰው ሊገድል የነበረውን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያገኘችው እሷ ናት። ደብዳቤው ላይ ያለውን የሷን ስም ያውጡና የኔን ያስገቡ። ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ነገ ጠዋት ቢሮዎ መጥቼ እፈርማለሁ።